ጥያቄና መልስ፦ የካንቶኒዝ አግቦ በምን ይያዛል?

ከሆንግ ኮንግ፣ ከጓንግዡና ከቶሮንቶ የደረሱን ጥያቄዎች ቃላቸው ይለያይ እንጂ ጉዳያቸው አንድ ነው፦ ካንቶኒዝ (በሆንግ ኮንግና በጓንግዡ የሚነገረው የቻይና ቋንቋ) የሚናገር ሰው ሲያመሰግንና በነገር ሲወጋ በምን ይለያል? ባጭሩ ለሚፈልግ መልሱ «የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ያድምጡ» ነው፤ ጭራ የምንለው በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚመጣውን አጭር ድምፅ ነው። ዘርዘሩ ከታች አለ።

አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ። ከየቃሉ በኋላ ያለው ቁጥር የቃሉ ዜማ ነው። የሆንግ ኮንግ የሥነ ልሳን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን የጁትፒንግ አጻጻፍ ቁጥር ወስደናል፦ 1 ከፍ ብሎ የሚቆይ፣ 2 ሽቅብ የሚወጣ፣ 3 መካከለኛ፣ 4 ቁልቁል የሚወርድ፣ 5 ከታች ተነሥቶ ጥቂት የሚወጣ፣ 6 ዝቅ ብሎ የሚቆይ። «ደ» እና «ዳ» እያልን የለየነው ሆን ብለን ነው። ካንቶኒዝ አጭርና ረጅም «አ» አለው፤ ፊደላችን ግዕዝና ራብዕ ስላለው በዚህ አይቸገርም። ት፣ ክ እና ፕ በቃል መጨረሻ ሲመጡ አፍ እንደተዘጋ ይቀራሉ፣ አይፈነዱም።

«የሥራ ባልደረባዬ አንድ ነገር ባስተካከልኩ ቁጥር ‹ሌክ1 ሳይ3› ትለኛለች። ሌክ1 ጎበዝ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ሌሎቹ ለምን ይስቃሉ?» (ከሆንግ ኮንግ)

ከልቧ ብታደንቅዎት የምትለው «ሆው2 ሌክ1» ነበር። እሱ «በጣም ጎበዝ» ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ሳይ3 ግን «ሁሉንም፣ አንድም ሳይቀር» የሚል ቃል ነው። ሌክ1 ላይ ሲለጠፍ «ጉብዝናው ሁሉ ለእርስዎ ተሰጥቶ ለእኛ አልተረፈንም» ይሆናል። በዚሁ መንገድ «ዳይ6 ሳይ3» ትልቅነቱን ሁሉ ለአንድ ሰው ያሸክማል። ስብሰባ ላይ ሰው ሳያስጨርስ ለሚወስን ባልደረባ «ኔይ5 ዳይ6 ሳይ3 ላ1» ይሉታል፤ «በቃ፣ አለቃው አንተ ነህ» እንደማለት። «ጉንግ1 ሄይ2 ሳይ3» ደግሞ «እንኳን ደስ አለህ» ነው። ደስታ በሌለበት ቦታ ከተባለ ለበጣ ነው።

እንዲህ ስላልን ሳይ3ን በሰሙ ቁጥር አይኮሳተሩ። «ም4 ጎይ1» ሰው ለሠራልን ነገር፣ «ዶ1 ጄ6» ደግሞ ለስጦታ የምንለው ምስጋና ነው። ሁለቱም ላይ ሳይ3 ሲጨመር ምስጋናው ይጠነክራል፤ በየቀኑም ይሰማል። የልደት ቀኑ ለሆነ ሰውም «ዛሬ ዳይ6 ሳይ3 አንተ ነህ» ማለት ፍቅር ነው። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውለታ ነበር ወይ? ሊፍት ይዘውለት የገባ ሰው «ም4 ጎይ1 ሳይ3» ካለ አመስግኗል። ስልክዎን እያዩ በሩን ዘግተው ቆመው፣ ዘግይተው ፈቀቅ ሲሉ ያንኑ ቃል ካለዎት ግን ወግቶዎታል። በቃሉ ላይ አንድ ፊደል አልተለወጠም።

«ሻዎቤይ አካባቢ ዕቃ ከምገዛበት ሱቅ ገብቼ ሰውዬውን ‹ኔይ5 ኸይ6 ሎው5 ባን2 ሜ1?› ብዬ ጠየቅሁት። ባለቤቱ እሱ መሆኑን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ፊቱ ተለወጠ፣ ዋጋም አልቀንስም አለ። ምን አጠፋሁ?» (ከጓንግዡ፣ ነጋዴ)

ሜ1ን እንደ ጥያቄ ምልክት ቆጥረውት ነው። ሜ1 ጥያቄ ያደርጋል፣ ግን አብሮት ጥርጣሬ ያስገባል፤ «እንደዚያ ነው እንዴ? አይመስለኝም» ይላል። ስለዚህ ሰውዬው የሰማው «ባለቤቱ አንተ ነህ? አንተ?» የሚል ነው። በካንቶኒዝ ለበጣ ውስጥ እንደዚህ ቃል የሚሠራ የለም። «ኸይ6 ሜ1?» ብቻውን «እውነት?» ነው፤ ቀዝቀዝ ብሎ ሲነገር ግን «ይሄን ለሌላ ንገር» ይሆናል።

ተራው ጥያቄ በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ግሡን አዎንታና አሉታ አድርጎ መደጋገም ነው፦ «ኔይ5 ኸይ6 ም4 ኸይ6 ሎው5 ባን2 አ3?» ማለትም «ባለቤቱ ነህ ወይስ አይደለህም?» መጨረሻ ላይ ያለው አ3 ጥያቄውን ያለሰልሰዋል። በአማርኛ ሲመነዘር ደረቅ ይመስላል፤ በካንቶኒዝ ግን ጨዋ ጥያቄ ይሄ ነው። ሁለተኛው አ4ን መጠቀም ነው፦ «ኔይ5 ኸይ6 ሎው5 ባን2 አ4?» «ባለቤቱ አንተ ነህ ማለት ነው?» እንደማለት። አንድ መልስ ጠብቀው ማረጋገጥ ሲፈልጉ ይሆናል።

እንዳያደናግርዎ፣ ሜ1 «ምን» የሚል ትርጉምም አለው። «ኔይ5 ሲክ6 ሜ1?» ቢሉ «ምን ትበላለህ?» ነው። እዚያ ሜ1 የሚበላውን ነገር ስም ቦታ ይዟል። ዓረፍተ ነገሩ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጣ ግን ጥርጣሬው ነው።

ደግሞም ጓንግዡ ውስጥ በጅምላ ሱቆች የሚሸጡት ብዙዎቹ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው፤ የሚናገሩትም የቻይናን የጋራ ቋንቋ ማንዳሪንን ነው። እነሱ ዘንድ የካንቶኒዝ ጭራ ቢያክሉም ቢያስቀሩም ትርጉም የለውም።

«እኛ ስናሽሟጥጥ ድምፃችንን እንጎትታለን፣ ‹እሺ ጌታዬ› ስንል ማንም ያውቃል። እነሱ ግን ድምፃቸው አይለወጥም። እንዴት ይግባባሉ?» (ከሆንግ ኮንግ፣ ተማሪ)

ከመጡት ሁሉ ጥሩው ጥያቄ ይሄ ነው።

«ማይ5» መግዛት ነው፣ «ማይ6» መሸጥ። ልዩነታቸው ዜማው ብቻ ነው። ተናጋሪው ለማሾፍ ብሎ ማይ6ን ጎትቶ ወደ ላይ ቢያነሣው ሸጠ ሊል የነበረው ገዛ ሊሆንበት ነው። አማርኛ ዜማውን ለስሜት ነጻ ትቶታል፤ ካንቶኒዝ ግን በየቃሉ ትርጉም ላይ አውሎታል። የቀረው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሙሉውን ንግግር ባንድ ላይ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው፤ እንዲህ ሲሆን በቃላቱ መካከል ያለው ርቀት አይበላሽም። ቺያንግና ፔል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ስድስት የካንቶኒዝ ተናጋሪዎችን ድምፅ ለክተው፣ በሽሙጥ ጊዜ አማካይ የድምፅ ከፍታቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ዝቅ ያደርጉታል። በእንግሊዝኛ ሽሙጥ የለመደ ጆሮ ካንቶኒዝ ላይ የሚሳሳተው በከፊል በዚህ ነው፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲጠብቅ ከፍ ያለው ያልፈዋል።

ሁለተኛውና ዋናው መንገድ ጭራዎቹ ናቸው። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚመጡት እነዚህ አጫጭር ድምፆች የራሳቸው ጉዳይ ስለሌላቸው ዜማቸው ሲለወጥ የሚለወጠው የተናጋሪው አቋም ብቻ ነው። ዎን ይውሰዱ። «ኮይ5 ሆው2 ሞንግ4» ማለት «ሥራ በዝቶበታል» ነው። ዎ3 ሲጨመርበት «ልብ በል፣ ሥራ በዝቶበታል» ይሆናል፤ ማሳሰቢያ ነው። ዎ4 ሲሆን መገረም ይገባበታል። ዎ5 ሲሆን «ሥራ በዝቶበታል አሉ»፣ ማለትም ያለው እሱ ነው፣ እኔ የለሁበትም። ሰው ሁሉ ሲሠራ ስለቀረ ባልደረባ «ኮይ5 ዋ6 ኮይ5 ሆው2 ሞንግ4 ዎ5» ከተባለ፣ ወሬውን ማድረስም ሰውዬውን መክሰስም ባንድ ትንፋሽ ተፈጽሟል። ቢጠየቅ «ያለውን ነው የተናገርኩት» ይላል።

ጆሮዎን ለማሠልጠን ከሦስቱ ዎዎች ሌላ አይጀምሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው የሚያውቁት ሰው በሦስቱም እንዲቀዳልዎ ያድርጉ፤ ሳይለዩ ወደ ሌላ ጭራ አይለፉ። ብዙ ተማሪ ሁሉንም ጭራዎች በዝርዝር ሸምድዶ አንዱንም በጆሮው አይለይም።

«ለአከራዬ ኪራዩን ሦስት ቀን እንደማዘገይ ጽፌ ‹ሆው2 ሎ1› የሚል መልስ መጣ። ሆው2 ‹ጥሩ› አይደል? ተስማማች ማለት ነው?» (ከሆንግ ኮንግ)

ተስማምታለች፣ ግን ደስ አላላትም። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። «ሆው2 አ3» በፈቃድ ነው፣ «እሺ፣ ምን ችግር አለ»። «ሆው2 ላ1» ትንሽ ከተገፋ በኋላ የመጣ እሺታ ነው፣ «እሺ በቃ»። «ሆው2 ሎ1» ደግሞ «ሌላ ምን አማራጭ አለኝ» ነው። ሎ1 ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ መናገር እንዳስፈለገ ያሳያል። ይቅርታ ላይ ሲለጠፍ ይቅርታውን ያፈርሰዋል፦ «ዶይ3 ም4 ጁ6» ይቅርታ ነው፣ «ዶይ3 ም4 ጁ6 ሎ1» ግን «ይቅርታ ካልክ ይሁን፣ ይቅርታ» ነው።

ሎ1 ሁልጊዜ ክፉ እንዳይመስልዎ። «ኸይ6 ሎ1» ሰው ሲያማርር አብሮ «እኮ!» ማለት ነው፤ ወዳጅነት ነው። ለአከራይዎ ግን በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ይክፈሉ።

«ባለቤቴ የሆንግ ኮንግ ልጅ ነው። እናቱ ጋ ስንሄድ ‹መመለሱን ታውቁበታላችሁ እንዴ› ትለናለች፤ ልጇን ደግሞ ከአንተ ቁራጭ ሥጋ ብወልድ ይሻለኝ ነበር አለችው። እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ ሳቀ። ማን ነው ትክክል?» (ከቶሮንቶ)

እሱ። የመጀመሪያው «ጁንግ6 ሲክ1 ደክ1 ፋን1 ሌይ4 ሜ1?» ነው፤ ጭራውን ያስተውሉ፣ ያው ሜ1 ነው። የቆየ ልጅ ሲመጣ በር ላይ የሚወረወር አግቦ ነው፤ ናፍቆት በቀጥታ በማይነገርበት ቤት የናፍቆት ቦታ ይይዛል። ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቁ። «ሲክ6 ጆ2 ፋን6 ሜይ6 አ3?»፣ «በልታችኋል?» ካለች ነገሩ አልቋል። ምግብ ሳይነሳ ዝም ከተባለ አላለቀም።

ሁለተኛው «ሳንግ1 ገው6 ቻ1 ሲዩ1 ሆው2 ጎ3 ሳንግ1 ኔይ5» ነው። ቻ1 ሲዩ1 ማርና ቅመም የጠጣ፣ ቀይ ሆኖ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው፤ በጥብስ ቤቶች መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። አባባሉ «ቻ1 ሲዩ1 ቢሆን ቢያንስ ይበላ ነበር» ነው። ወላጅ ለልጁ ይለዋል፣ ጓደኛሞችም እንደ ቀልድ ይቀባበሉታል። ሰው ከሚፈራው በታች ነው የሚያቆስለው። እርስዎ ግን ለሌላ ሰው ልጅ በፍጹም አይበሉት፤ ቀልድ የሚያደርገው ወላጁ ወይም የቅርብ ጓደኛው ሲናገረው ብቻ ነው።

በእኛ ግምት ሊያስቡበት የሚገባው ሌላ ነው። አማትዎ ልጇን ስለ ቤት ጽዳት ስትቆጣ እርስዎ እንዲሰሙት ከሆነ፣ ይሄ «ጂ2 ሶንግ1 ማ6 ዋይ4» ይባላል፤ ወደ አንዱ ዛፍ እያመለከቱ ሌላውን ዛፍ መሳደብ። እዚያ ላይ ልጇ ሲስቅ እርስዎ አብረው አይሳቁ፤ ነገሩ ወደ እርስዎ የተላከ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሽሙጥ የሌለበቱ «ንጎ5 ሞው5 ዬ5» ነው፤ «ምንም አልሆንኩም»። ከዚህ ጋር ፊት ከጠቆረ (ሃክ1 ሚን6 ይሉታል) ሆኗል። ከኩርፊያ የሚወጣው ንግግር «ፉይ3 ሄይ3» የሚል ስም አለው፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ሁልጊዜም እኔ ነኝ» ዓይነቱ። ቅርብ ሰው ላይ እንጂ ባዳ ላይ አይነገርም፤ ስለዚህ ሲሰሙት ቢያንስ ባዳ አይደሉም።

«ለሽሙጥ ስንት ስም አላቸው? ሁሉም አንድ ነው?» (ከጓንግዡ)

አንድ አይደለም፣ ሲያቀላቅሉት ይታረማሉ። «ዳን1 ዳን1 ዳ2 ዳ2» ተወጊው እዚያው ተቀምጦ ስሙ ሳይጠራ በተደጋጋሚ ጎሸም ማድረግ ነው፤ ለእኛ አግቦ የሚቀርበው ይሄ ነው። «ጀት6» ግን ፊት ለፊት ነው፦ ባንድ አጭር መልስ ሰውን አፍ ማስያዝ። ጀት6 የተደረገ ሰው መልስ ካገኘ ጀት6 አልተሳካም። «ቹን3» ድርጊት ሳይሆን ጠባይ ነው፣ ሲናገርም ሲያይም ሰው የሚንቅ፤ «ቹን3 ጆይ2» አፉ እንዲህ የሆነ ነው። «የም1 ዮንግ4 ጓይ3 ሄይ3» የቅላጼ ስም ነው፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት የማይለይ ድምፅ። «ፉንግ1 ሎንግ4 ሹት3 ዋ6»፣ ቃል በቃል «የቀዝቃዛ ነፋስ ንግግር»፣ ሳይረዱ ዳር ቆሞ በሰው ችግር ላይ አስተያየት መስጠት ነው።

አንዱ ብቻ ከሽሙጥ ያልፋል፦ «ሲዩ3 ኬ4 ኬ4 ፎንግ3 ዱክ6 ሴ4»፣ «እየሳቀ መርዛም እባብ የሚለቅ»። ይህ የሚነገረው ስለሚጎነትል ሰው አይደለም። በፈገግታ ተቀብሎ ከኋላ ሥራ ስለሚያስፈታ፣ ውል ስለሚያፈርስ ሰው ነው። ስለ ባልደረባ ይህን ካሉ ከባድ ክስ አቅርበዋል።

«ግማሹን ብቻ የሚናገሩት ምሳሌ አለ፣ ሌላውን እኔ እንድጨርስ ይጠብቃሉ። የተወሰኑ ንገሩኝ።» (ከሆንግ ኮንግ፣ ተማሪ)

ሂት3 ኸው6 ዩ5 ይባላሉ። ሁለት ክፍል አላቸው፤ ፊተኛው ሥዕል፣ ኋለኛው ፍቺ ነው። አዋቂ ፊተኛውን ብቻ ተናግሮ ይተወዋል፤ አግቦ የሚሆነውም በዚሁ ነው፣ ስድቡን የሚጨርሰው ሰሚው ራሱ ስለሆነ።

«ሞው5 ዪም2 ገይ1 ሉንግ4»፣ «ክዳን የሌለው የዶሮ ቤት»። ፍቺው «ጂ6 ቾት1 ጂ6 የፕ6»፣ እንደፈለጉ መውጣትና መግባት። ሳያንኳኳ ለሚገባና ሌሊት ለሚመጣ ልጅ። «ዲን6 ደንግ1 ዳም2»፣ «አምፖል»፤ ፍቺው «ም4 ቱንግ1 ሄይ3»፣ አየር አያሳልፍም። ሁለት ፍቅረኞች መካከል ተቀምጦ የማይነሣ ሰው ነው፤ አሁን አምፖሉ ብቻ ተነግሮ ሁሉም ይረዳል። «አ3 ሉንግ4 ሱንግ3 በን3»፣ «ደንቆሮ ቀብር ሲሸኝ»፤ ፍቺው «ም4 ቴንግ1 ኔይ5 ጂ1 ሴይ2 የን4 ዴክ2»፣ «የሙት ዋሽንትህን አልሰማም»፣ ማለትም ወሬህን አልቀበልም።

የመጨረሻው ሙትና ቀብር ስላለበት ለሽማግሌ አይነገርም፤ በጨረቃ አዲስ ዓመት ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ካመለጠዎ «ቶው3 ኸው2 ሶይ2 ጎንግ2 ጎ3» ይባላሉ፤ «ምራቅህን ትፋና እንደገና ተናገር»። የመትፋት ድምፅ አሰምተው መልካም ቃል ይተኩበት።

ምንም የማይጎዳ፣ ለጀማሪ የሚሆን አባባል ከፈለጉ «አ3 ማ1 ኸይ6 ኖይ5 የን2» አለ፤ «እናቴ ሴት ናት»። ሁሉም የሚያውቀውን እንደ ግኝት ለሚያወራ ሰው ነው። ይህኛው ሁለት ክፍል የለውም።

«ሲወጉኝ ምን ልመልስ? እኔስ ልሞክር?» (ብዙዎች)

የወጉዎት በእውነተኛ ጥፋት ከሆነ «ኸይ6 ዎ3» ይበሉ፤ «ልክ ነው እኮ»። ከዚያ የቀረውን ሥራ ይሥሩ። አግቦ የሚኖረው ተወጊው ሲያስመስል ነው፤ ሲቀበሉት የሚይዘው ያጣል። ጥፋቱን ካላወቁት «ኔይ5 የው5 ሜ1 ሶንግ2 ጎንግ2 አ3?»፣ «ምን ልትለኝ ፈልገህ ነው?» ይጠይቁ። አ3ን አይርሱ፤ ጥያቄው ፀብ እንዳይሆን የሚያደርገው እሱ ነው። ሰው ባለበት ግን አይጠይቁ፣ ለብቻ ሲሆኑ እንጂ።

መሞከሩን በተመለከተ፣ በራስዎ ላይ ይጀምሩ። ቡና ደፍተው «ንጎ5 ሌክ1 ሳይ3» ቢሉ ሁሉም ይስቃል፣ ዜማውም ቢሳሳት ጉዳት የለውም። ሰው ላይ ሲሞክሩት ግን አንድ ጭራ ከተሳሳተ ሽሙጡ ይጠፋና ስድቡ ብቻ ይቀራል።

«ቸው1 ሶይ2 ማለት ማሾፍ ነው ብለውኝ ነበር። ለአንዲት ልጅ ‹ቸው1 ሶይ2 አደረግሁሽ› ስል ለምን ተቆጣች?» (ከሆንግ ኮንግ)

ቃሉ «ውኃ መቅዳት» ነው። ከቁማር ቤት የመጣ ነው፤ ቤቱ ከየጨዋታው የሚቆርጠው ድርሻ በዚህ ስም ይጠራል። ወቅታዊ ጉዳይ እያነሡ ሰውን በአደባባይ መጎንተልም እውነት ቸው1 ሶይ2 ይባላል። ሴት ላይ ሲነገር ግን ያለ ፈቃድ መነካካት ነው። ለልጅቷ «አሾፍኩብሽ» ያሏት መስሎዎት «ነካካሁሽ» ነው ያሏት። ዛሬውኑ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ያለ ሎ1።